ሳሎን ለእንግዳ፣ ጭስ ለባለቤት! እስከ መቼ?

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ስንለጥፍ የሚቀየም ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። የተቀየመም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያንብበው። ማንበብ የሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ካሉ ተማሪ ልጆች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ «የየቤታችንን የምድር ክፍሎች አከፋፈል በወንፈል እናስተካክል፤ ማድ ቤቱ ጭስ የሚያወጣ፣ መኝታው ብርሃን የሚያገኝ፣ ወለሉ እርጥበት የማይቋጥር ይሁን» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ወዲያው ሳቅ ተሰማ። አንዱ ተነሥቶ «ማኅበሩ በሰው ጓዳ ምን አገባው?» አለ። ሌላው ደግሞ «ይልቅስ በማኅበሩ ገንዘብ ተጨማሪ ወንበር ይገዛ፤ እንግዳ ሲመጣ እንዳናፍር» አለ። ስምምነት ስላልተደረሰ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኛም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያለንን ሐሳብ በግልጽ እናቀርባለን።

«በሰው ጓዳ ምን አገባችሁ?» ለተባለው መልሳችን አጭር ነው። ሰው ሲሞት የምንቀብረው እኛ ነን። ሲታመም ተሸክመን ሐኪም ቤት የምናደርሰው እኛ ነን። ልጁ ሲያለቅስ የምናስተዛዝነው እኛ ነን። ከሞተ በኋላ የሚያገባን ከሆነ በሕይወት ሳለ እንዴት አያገባንም?

ቤታችን ምን ይመስላል?

በመርሳም ሆነ በወልድያ፣ ወደ ውርጌሳም ሆነ ወደ ሲሪንቃ ቢኬድ የአብዛኛው ሰው ቤት አሠራር ይመሳሰላል። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ አቅም ሲገኝም ብሎኬት ይሆናል። ከበሩ ፊት ለፊት ሳሎን አለ። ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ትልቁ መስኮትም የእሱ ነው። ሶፋ፣ ቡፌ፣ ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ፣ ቴሌቪዥን ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ከኋላው ጓዳ አለ። ጓዳው መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ጆንያ ተጠቅጥቆበታል። አልጋው እዚያ፣ የእህል ከረጢቱ እዚያ፣ የውሃ ጀሪካኑ እዚያ ነው። ማታ ሲሆን ደግሞ ዶሮውና ፍየሉ እዚያው ይገባል። ከጓዳው ጎን ማድ ቤት የሚባለው አለ፤ ግድግዳው ከጥላሸት ብዛት ከሰል መስሏል።

አሁን እንቁጠር። በሳሎኑ ውስጥ ሰው በሳምንት ስንት ሰዓት ይቀመጣል? በብዙ ቤት ልጆቹ «ሶፋውን ታቆሽሹታላችሁ» ተብለው ይባረራሉ። የቤቱ እናት እንኳ የምትገባው ለመጥረግ ነው። ሙሉ ቤተሰብ በጓዳ ውስጥ ተጠጋግቶ፣ የአንዱን ትንፋሽ አንዱ እየሳበ ያድራል። ሳሎኑ ግን ብቻውን ተቆልፎ፣ አየሩን ለሶፋው ትቶ ያድራል። አባቶች «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ሲሉ የተናገሩት በውጭ ደግ፣ በቤቱ ክፉ ለሆነ ሰው ነበር። ዛሬ ቤታችን ራሱ እንደዚያ ሰው ሆኗል። ለመጤ አልጋ፣ ለባለቤት ቀጋ!

ገንዘቡስ የማን ላብ ነው?

የሀብሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እንናገር። ከስንቱ ቤት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሄዷል፤ ሄዳለች። አንዳንዱ በአውሮፕላን፣ አንዳንዱ በጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ በየመን በረሃ አልፎ ነው። ልጅቷ እዚያ የሰው ወጥ ቤት ስትወለውል ትውላለች። ያ ወጥ ቤት መስኮት አለው፤ የቧንቧ ውሃ አለው፤ ጭስ መሳቢያ አለው። የደመወዟን ግማሽ ለእናቷ ትልካለች። እናትየው ጋ ሲደርስ ገንዘቡ ምን ይሆናል? ሶፋ ይሆናል። ቡፌ ይሆናል። የሳሎን ሴራሚክ ይሆናል። እናትየው ግን ያንኑ ሦስት ጉልቻ፣ ያንኑ ጭስ፣ ያንኑ ዓይን ጥረጋ ይዛ ትቀራለች። ልጅቷ «እናቴ ያልፍላት» ብላ ነው የላከችው። ያለፈለት ሶፋው ነው!

አቅም አለኝ የሚለውስ? እሱ ደግሞ «ወደፊት ፎቅ እሠራለሁ» ብሎ የአምዱን ፌሮ ወደ ሰማይ አቁሞ ትቶታል። ፌሮው ዝናብ እየመታው ይዝጋል። ከታች ያለው ምድር ቤት ግን ግድግዳው ሳይለሰን፣ ወለሉ ሳይደለደል፣ ለሱቅ ኪራይ ተብሎ የመንገድ ፊቱ ሁሉ ተቆርሶ፣ ቤተሰቡ መስኮት በሌለው ጀርባ ይኖራል። ያልተሠራውን ፎቅ እያሰቡ የሚኖሩበትን ምድር መርሳት ምን ይባላል?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ ስንት ቤት እንደተጎዳ፣ ስንቱ እንደተዘረፈ ሁላችንም ያየነው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ቤቱን ጠግኗል። ግድግዳ ሲነሣ አከፋፈሉንም ማስተካከል ይቻል ነበር። በብዙ ቤት ግን የተመለሰው ያው የድሮው ነው፤ ጨለማው ጓዳም ያው በቦታው ተተክሏል።

ይህ የውበት ነገር አይደለም፤ የነፍስ ነገር ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ጭስ ምክንያት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። ይህ ጭስ ሳንባን ያቆስላል፤ ልብን ይጎዳል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። እኛ ዘንድ እናት እንጀራ የምትጋግረው ሕፃኑን አዝላ ነው። እሷ ስትተነፍስ እሱም ይተነፍሳል። ሳንባው ግን የጭብጥ ታህል ናት።

ከሰሉ ደግሞ ከጭሱ ይብሳል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውምና። በደማችን ውስጥ የአየርን ቦታ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ይይዛል። ለቡና የተያያዘ ከሰል ረመጡ ሳይጠፋ፣ ብርድ ነው ተብሎ በር ተዘግቶበት፣ ሰው በተኛበት የሚቀረው በዚህ ነው። በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት ሳይነሣ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ የሚመቸውም አየር የማይንቀሳቀስበት ጨለማ ክፍል ነው። ፀሐይና ነፋስ ጠላቶቹ ናቸው። የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ የምንለው፣ በዓለም ላይ ክፉኛ ካጠቃቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው የአማራ ክልል ነው። ይህን በሽታ ዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ያዛምታል። ዝንብ የሚራባው በፋንድያና በቆሻሻ ነው። ታዲያ ፍየሉን ከሕፃኑ አልጋ ሥር እያሳደርን የዓይን ቅባት ብንቀበል ምን ዋጋ አለው? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች ውስጥ የመኖሪያ ቤትና የአካባቢ ንጽሕና ነበረበት። «ከብት ከሰው ይለይ፤ ጭስ ይውጣ» ሲባል ከሰማን ስንት ዓመት ሆነው? ጆሯችን ሰምቷል። ግድግዳችን አልሰማም።

«አባቶቻችን እንዲሁ ኖረዋል» ለሚሉ

ይህን የሚሉ ሰዎች ወደ ላስታ ወጣ ብለው ይመልከቱ። በላሊበላ በድንጋይ የተገነቡ ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ታችኛው ለከብት፣ ላይኛው ለሰው ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ከውጭ በኩል ነው፤ ሰውና ከብት በአንድ በር አይጋፉም። ከብቱም ከጅብና ከሌባ ተጠብቆ ያድራል። እነዚያ ሰዎች ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን የቤት አከፋፈል ገብቷቸዋል። ያላቸውን ድንጋይና ያላቸውን ብርድ አይተው፣ ለኑሯቸው በሚስማማ መንገድ ሠሩ። እኛ ቆላው ውስጥ ተቀምጠን፣ በሚሞቅ አገር፣ መስኮት ጠቅጥቀን መተኛትን ከየትኛው አባት ነው የወረስነው?

የውጭ አገር ምሳሌም እንጨምር። ሜክሲኮ ውስጥ ኮዋዊላ በሚባል ግዛት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 መንግሥት የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ መቀየር ጀመረ። ሌላ ትልቅ ነገር አላደረገም፤ ወለል ብቻ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የአፈር ወለሉ ሙሉ በሙሉ በተቀየረበት ቤት በልጆች ላይ የሆድ ጥገኛ ትል 78 ከመቶ፣ ተቅማጥ 49 ከመቶ፣ የደም ማነስ 81 ከመቶ ቀንሶ አገኙት። እናቶችም በቤታቸው የበለጠ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ ከእግር በታች ባለ ነገር የመጣ ነው።

«እንግዳስ ምን ይለናል?» ለሚሉ

የወሎ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው። ይህንን ማንም አይነጥቀንም። ግን እስቲ እናስተውል። ለቅሶ ሲሆን ሰው የሚቀመጠው የት ነው? በእድር ድንኳን ውስጥ ነው፤ ወንበሩም የእድር ነው። ሠርግ ሲሆንስ? ዳስ ይጣላል። ታዲያ ሳሎኑ ዓመት ሙሉ ተቆልፎ የሚጠብቀው የትኛውን እንግዳ ነው? በሰፈራችን የሚመጣው እንግዳ ጎረቤት ነው፤ ቡና ጠጪ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ አብሮን የሚቀመጥ ነው። እሱ የሚፈልገው የሞቀ ጨዋታና የደኅና ሰው ፊት ነው። የሚያስለው ልጅ ከጓዳ ድምፁ እየተሰማ፣ ቡና ያፈላችው እናት ዓይኗ ቀልቶ እየተመለከተ፣ ሶፋው ለስላሳ ነው ብሎ የሚደሰት እንግዳ ካለ እሱ እንግዳ አይደለም።

አዲስ ቤት ስንገባ «ቤት ለእምቦሳ» እንባባላለን፤ «እምቦሳ እሰሩ» ብለንም እንመልሳለን። ምርቃቱ ቤቱ እንዲረባ፣ እንዲዋለድ፣ ኑሮ እንዲሞላበት ነው። ለቡፌ የተመረቀ ቤት ሰምተን አናውቅም።

«ገንዘብ የለም»፣ «ቤቱ የራሴ አይደለም» ለሚሉ

ገንዘብ የለም የሚለው እውነት ነው። ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም እንደተወደደ እናውቃለን። ለዚህ ነው በወንፈል ያልነው። ለአጨዳ ወንፈል የሚያውቅ ሕዝብ ለመስኮት ወንፈል ያቅተዋል? በሰፈራችን ግንበኛ አለ፤ አናጢ አለ፤ ጭቃ የሚያቦካ ጎረምሳ ሞልቷል። ከምንዘረዝረው ውስጥ ብዙው ዕቃ በመግዛት ሳይሆን ዕቃ ከቦታ ቦታ በማዛወር ብቻ የሚሠራ ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራዮች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው «ብጠግነው ለማን ነው?» እያለ ኖሯል። እኛ ደግሞ «ባትጠግነው የሚያስለው ማን ነው?» እንላለን። ግድግዳ መንካት ካልተፈቀደ አልጋ ማዛወር ማን ይከለክላል? ጆንያ ከመስኮት ለማንሣት የማን ፊርማ ያስፈልጋል?

ለማሽላችን ዘር የሚጨነቅ የምርምር ማዕከል ሲሪንቃ ላይ አለን። ለጓዳችን ግን የሚጨነቅልን ሌላ ማንም የለም፤ እኛው ነን።

ምን ይደረግ?

በስብሰባው ላይ የሚቀርቡት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ሳሎኑ ይከፈት። ትልቁና ብርሃናማው ክፍል ሰው በብዛት የሚኖርበት ይሁን። ሶፋው ወደ አንድ ግድግዳ ይጠጋ፤ ቁም ሳጥኑ መሐል ላይ ቆሞ መከለያ ይሁን፤ ከጀርባው የልጆች ወይም የአረጋውያን አልጋ ይዘርጋ። ጓዳው ለእህልና ለዕቃ ይቅር።

2ኛ/ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ። ግቢ ያለው ሰው ከቤቱ ጎን ጥላ ጥሎ ያውጣው። ግቢ የሌለው በመሐል በር ያድርግ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎችን ይክፈት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አንዱ ቀዳዳ ከጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይሁን። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ የሚሠራውም በአሸዋና በሲሚንቶ ነው። ሆኖም ምድጃው ብቻውን ጭሱን ከቤት አያወጣም፤ ቀዳዳው የግድ ነው።

3ኛ/ መስኮት። በግንባታ የተለመደው ስሌት የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ አንድ አሥረኛ ይሁን የሚል ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነ ወለሉ 16 ካሬ ነው፤ ስለዚህ መስኮቱ 1.6 ካሬ ይሆናል። ይህም ማለት 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ናቸው። መርሳ ወባ አለ፤ ስለዚህ መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ይመታበት፤ አጎበሩም አይቀርም።

4ኛ/ ከብትና ዶሮ ይውጣ። «ሌባ ይወስደዋል፣ ጅብ ይበላዋል» ለሚለው፣ በረቱና ቆጡ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ይሠራ፤ ይቆለፍ። አባወራው ተኝቶ ያየዋል፤ ይሰማዋልም።

5ኛ/ ወለሉ ከግቢው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ውሃ ወደ ቤት እንዳይዞር ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። አቅም ያለው ድንጋይ ደልድሎ፣ ከላዩ ላስቲክ አንጥፎ፣ ሊሾ ያድርግ። አቅም የሌለው ጠጠርና አፈር ጠቅጥቆ ይደልድል፤ ሊሾው በተራ ይደርሰዋል።

6ኛ/ የአረጋውያንና የሕሙማን ነገር። መኝታቸው ለሽንት ቤቱ በሚቀርበው በር በኩል ይሁን። ደፉ ዝቅ ይበል፤ በደረጃው ጎን መያዣ እንጨት ይተከል። ሌሊት ወድቀው የተሰበሩ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን። መያዣ እንጨት አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለን። መስኮት እከፍታለሁ ብሎ ምሰሶ ወይም ቋሚ የሚቆርጥ ሰው ቤቱን በልጆቹ ላይ ይጥላል። የሚከፈተው በሁለት ቋሚዎች መካከል ነው፤ ከላዩም ተሸካሚ እንጨት ይገባበታል። ስለዚህ አናጢ ሳያይ ማንም መጋዝ አያንሣ። ግድግዳ ለማፍረስ ወይም ቤት ወደ ግቢ ለማስፋት የሚፈልግ ደግሞ አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፈቃድ ይጠይቅ።

ተራው እንዴት ይያዝ?

ሐሳባችን ይህ ነው። ተራው በዕጣ አይሁን፤ በሀብትና በዝምድናም አይሁን። መጀመሪያ አራስና ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት፣ ቀጥሎ የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት፣ ቀጥሎ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያሉበት ይሁን። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው በወር አንድ ቀን ይውጣ። የቤቱ ባለቤት ቡናና ቆሎ ያቅርብ፤ ድግስ ግን ክልክል ይሁን። ድግስ ከተጀመረ ድሃው ተራው ሲደርስ አፍሮ ይቀራልና። ለወንበር ይገዛበት የተባለው ገንዘብ ለወንፊት ሽቦ፣ ለማጠፊያ፣ ለሚስማርና ለሲሚንቶ ይዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በስብሰባችን ላይ ስለ ማድ ቤት የሚከራከሩት ማድ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች ናቸው። ይህ ሊቀር ይገባል። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ አባወራ ባለቤቱን ይዞ ይምጣ። ባሏ የሞተባት፣ ባሏ ስደት የሄደባትም ራሷ ትምጣ። ስለ ጭስ ድምፅ የሚሰጠው ጭሱን የሚጠጣ ሰው ነው። ሳቅ ያሰማችሁት አባወራዎችም ከስብሰባው በፊት አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማድ ቤታችሁ ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ምጣዱ ተሰምቶ የመጨረሻው እንጀራ እስኪወጣ ተቀመጡ። ከዚያ ወጥታችሁ «ወንበር ይገዛ» የምትሉ ከሆነ በሙሉ ድምፅ ወንበር እንገዛለን።

ቤት የሚከበረው ሰው ሲኖርበት ነው። የሳሎኑን ቁልፍ ለልጆቻችሁ ስጡ!

የስብሰባው ቀን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መቅረት አይፈቀድም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ መርሳ